«ለታክሲ ናት፤ ያዢያት!»

ፖስታዋ ነጭ ናት። ስስ ናት። ላይዋ ላይ ምንም አልተጻፈባትም። መግለጫው አልቆ፣ ማይክራፎኑ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሻይና ብስኩቱ ሲጋፋ በሩ አጠገብ የስም ዝርዝር የያዘች ልጅ ትቀመጣለች። «ስምሽን ፈልጊና ፈርሚ» ትላለች። ይፈረማል። ፖስታዋ ትወጣለች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። አለቀ! ስለ ምንነቷ የጠየቀ የለም፣ የተናገረም የለም። እዚያው ቆሞ የሚቆጥር ሰው እንኳ አታዩም፤ ነውር ነዋ! ቆጠራው ሽንት ቤት ገብቶ ነው።

ይህን ጉዳይ በዚህ አምድ ላይ ማንሳቴ የሚገርማችሁ አትጠፉም። «እኛ የለመድነው የፍቅርና የኑሮ ምክር ነው፤ የጋዜጠኞች ፖስታ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ ታገሱኝ። ጉዳዩን ያመጣችብኝ አንዲት አንባቢያችን ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ፤ በአንድ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት ሪፖርተር ሆና ትሠራለች። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልነግራችሁም፤ ለመገመትም አትድከሙ። ደብዳቤዋ ሦስት ገጽ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ይኸውላችሁ፦

«…ደመወዜ የቤት ኪራዬን ከከፈልኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንኳ አያደርሰኝም። በቀደም አንድ ድርጅት አዲስ ምርት ሲያስተዋውቅ ተልኬ ሄድኩ። ሲያልቅ ፖስታ ተሰጠኝ። ‹ይቅርብኝ› ስል የሕዝብ ግንኙነቷ ‹የኔ ቆንጆ፣ ለታክሲ ናት፤ ያዢያት፤ ሁሉም ወስደዋል እኮ› አለችኝ። አልወሰድኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልደረቦቼ ሲያዩኝ ይንሾካሾካሉ። ‹ቅድስቲቱ› የሚል ስም አውጥተውልኛል። ፍቅረኛዬ ደግሞ ሲሰማ ሳቀብኝና ‹እነሱ ላይ ምን ይጎድልባቸዋል? ሞኝ ነሽ› አለኝ። እሱ እንደሆነ ከዚያም በፊት የኮንሰርት ትኬት በነፃ አላመጣሽልኝም ብሎ አኩርፎኛል። እውነት ሞኝ ነኝ ወይ?»

ሞኝስ አይደለሽም። ይህን ቶሎ ልበልሽና ወደ ነገሩ ልግባ፤ ምክንያቱም የልጁ ጥያቄ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። «ምን ይጎድልባቸዋል?» ብሏል። ትክክል ነው፣ ድርጅቱ ላይ ምንም አይጎድልበትም። ሂሳብ ክፍሉ «ለማስተዋወቂያ» ብሎ ይጽፈዋል። የሚጎድለው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልነበረ ሰው ላይ።

ጉርሻ ነው ወይስ ጉቦ?

የአገራችን ሰው የተዘረጋለትን መግፋት አልተማረም። እንግዳ ሆኖ ሄዶ «ጠግቤያለሁ» ቢልም «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳታል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛዋ ትከተላለች። ታዲያ ፖስታ የዘረጋች እጅ ላይ «አልፈልግም» ማለት ለብዙዎቻችን ሰውን በጥፊ ከመምታት የማይተናነስ ነገር ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ሕዝብ ግንኙነቷም እኮ ሰው ናት! ፈገግታዋ የውሸት አይደለም። ምናልባትም አንድ ክፍል አብራችሁ ተምራችሁ ይሆናል። እሷም የተላከችው አለቃዋ «ለጋዜጠኞቹ ስጪ» ብሏት ነው፤ ካልሰጠች ነገ እሷም ትጠየቃለች።

ጉቦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ጉቦ ይናገራል። «ይህን ጻፍልኝ፣ ያንን ደብቅልኝ» ይላል፤ ሰው ቢቀበል እንኳ ምን እንደሸጠ ያውቀዋል። ፖስታዋ ግን ምንም አትልም። ብልሃቷም እዚያ ላይ ነው። ምንም ስላልጠየቀችኝ ምንም አልሸጥኩም ብሎ ሰው በሰላም ይተኛል።

ግን ያው ባህላችን ሌላም ነገር አስተምሮናል። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚል ከባድ ስድብ አለን። ይህንን ስም ከማግኘት ብዙ ሰው ሌባ ቢባል ይመርጣል። ጋዜጠኛ ደግሞ፣ ጊዜው ሲመጣ፣ ሥራው ወጪት መስበር ነው። በላይኛው ፎቅ መግለጫ የሰጠው ድርጅት ታች ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛ እያሰቃየ ከሆነ መጻፍ አለበት። እንግዲህ ፍረዱ፦ በልቶ ከሰበረ ውለታ ቢስ ሊባል ነው፣ በልቶ ካልሰበረ ሥራውን አልሠራም። ይህቺ ልጅ ያደረገችው ከሁለቱም መሸሽ ነው፤ አልበላችም።

«እኔ እኮ ብቀበልም የምጽፈውን አይቀይረውም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ብዙዎቹም ከልባቸው ነው የሚሉት። ስለዚህ ጉዳይ የተጠኑ ነገሮች አሉና ጥቂት ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ አንድ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ሙከራ አለ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሥዕል እንዲገመግሙ ይደረጋል። አንደኛው ግን የአጥኚው ሰው ነው። ይህ ሰው በዕረፍት ሰዓት ወጣ ይልና ሁለት ኮካ ኮላ ይዞ ይመለሳል፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን ሳይጠየቅ ለጎረቤቱ። በኋላ ላይ «የሎተሪ ትኬት እየሸጥኩ ነው፣ ትገዛኛለህ? አንዱ 25 ሳንቲም ነው» ይለዋል። ኮካውን የጠጡት ካልጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ገደማ ትኬት ገዙ! ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ሰውየውን መውደድ አለመውደዳቸው ለውጥ አለማምጣቱ ነው። የጠላውም የወደደውም ኮካውን ከጠጣ በኋላ ያው ገዛ። ውለታ ፍቅር አይጠይቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሐኪሞች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ ሐኪሞች ትእዛዝ ተመረመረ። የመድኃኒት ኩባንያ ምሳ የጋበዛቸው ሐኪሞች፣ ያውም አንዲት ምሳ ብቻ የበሉት፣ ያንን ኩባንያ መድኃኒት ካልተጋበዙት ይበልጥ ሲያዝዙ ተገኙ። የምሳው ዋጋ በአማካይ ከ20 ዶላር በታች ነበር። አጥኚዎቹ «ምሳው ነው ያስጻፈው» ብለው አልማሉም፤ ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ግን አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «የኩባንያዎቹ ስጦታ በእናንተ ላይ ተፅዕኖ ያሳድራል?» ከመቶ 61ዱ «በፍጹም!» አሉ። «ጓደኞቻችሁስ ላይ?» ሲባሉ ግን «እነሱም እንደኔ ናቸው፣ አይነካቸውም» ያሉት ከመቶ 16 ብቻ ሆኑ።

አያችሁ አይደል? እኔን አይነካኝም፣ ጎረቤቴን ግን ይነካዋል። እንግዲህ ሁሉም ሰው የሌላ ሰው ጎረቤት ነው።

ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ቤይሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ያጠራቀመቻትን ገንዘብ ይዛ መጣች። አንድ ምሽት በአንድ ጣቢያ ላይ ስለ አንድ የአፓርታማ ግንባታ «ልዩ ዝግጅት» ታያለች። አረንጓዴ ሣር፣ የሚሽከረከር ፎቅ ሥዕል፣ የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ፣ የጋዜጠኛው «በእርግጥም የብዙዎችን ሕልም እውን የሚያደርግ» የምትል ቃል። ልጅቷ በማግስቱ ሄዳ ቅድሚያ ክፍያ ከፈለች። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ቦታው ላይ ዛሬም ያሉት የቆሙ ኮለኖችና አጥር ነው። ገንዘቧን ብትጠይቅ ዛሬ ነገ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተም ጋዜጠኛ ነህ» አለችኝ አንድ ቀን ቡና እያፈላች። «በቴሌቪዥን እኮ ነው ያየሁት። ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር። ጋዜጠኛ ሲናገር ግን አጣርቶ ነው ብዬ ነው።»

ምን ልበላት? ቡናዬን ጠጣሁ።

ከጊዜ በኋላ ያንን ዝግጅት የሠራውን ሰው በአጋጣሚ አገኘሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም በሙያው የማከብረው ነው። ጉዳዩን ሳነሳበት አልካደም። በአውቶቡስ እንደወሰዷቸው፣ ቦታውን እንዳስጎበኟቸው፣ ጥሩ ምሳ እንደጋበዟቸው፣ ሲመለሱም «የትራንስፖርት» ተብላ ፖስታ እንደተሰጠቻቸው ነገረኝ። «አልዋሸሁም» አለኝ። «ያሉኝን ነው የዘገብኩት። ‹መሬቱ ካርታ አለው ወይ? የሰበሰባችሁት ገንዘብ የት ባንክ ነው የተቀመጠው?› ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄውም በአፌ ላይ ነበር። ግን ሰዎቹ እንደዚያ ተቀብለውን፣ ምሳ ላይ ተቀምጠን፣ እንዴት ብዬ?»

«እንዴት ብዬ?» ያላት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ሰውየው ከፖስታዋ ጋር ለሐሰት አልተዋዋለም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የዋጠው። የዚያች ጥያቄ ዋጋ ደግሞ የአንዲት ሴት የስምንት ዓመት ላብ ነው።

ልጅት፣ ፍቅረኛሽ «ምን ይጎድልባቸዋል» ሲልሽ ይህቺን ንገሪው።

ባሚያና ሠረገላ

ለመሆኑ ይህ የእኛ ብቻ ጉድ ይመስላችኋል? ዓለም ሁሉ የራሱን የቁልምጫ ስም አውጥቶለታል። ጋናዎች «ሶሊ» ይሉታል፤ «አጋርነት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቆርጠው። ካሜሩኖች «ጎምቦ» ይሉታል፤ ጎምቦ ማለት ባሚያ ነው፣ ያ ወጡን የሚያሙለጨልጨው ተክል። ኢንዶኔዥያዎች «አምፕሎፕ» ይላሉ፤ በቀጥታ ፖስታ ማለታቸው ነው። ቻይናዎች ቀይ ፖስታ የሚሉት አላቸው፤ ለጋዜጠኛ ሲሰጥ የሚጠሩበት ሌላው ስም ደግሞ ቃል በቃል «የሠረገላና የፈረስ ገንዘብ» ነው። የእኛዋ «ለታክሲ ናት» ማለት እኮ ናት! ሠረገላ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ሰበቡ ግን አልጠፋም።

«ድህነት ነው የሚያስደርገው፣ ፈረንጅ ቢሆን አይነካውም» የሚል ካለ ደግሞ የዲዝኒን ድግስ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ መዝናኛ 15ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከአምስት ሺህ በላይ የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ጠራ፤ ከነቤተሰብና ከነወዳጆቻቸው ተጋባዡ ወደ አሥር ሺህ ደረሰ። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ መጫወቻው… ግብዣው ደግሞ ሦስት ምርጫ ነበረው፦ ሁሉንም በነፃ፣ ወይም በቀን 150 ዶላር እያዋጡ፣ ወይም ሙሉውን ወጪ ራስ ከፍሎ። የምርጫው ብልጠት አይገርማችሁም? ሕሊናውን ለሚያመው እንኳ ግማሽ ማስታገሻ አዘጋጅተውለታል! ኒውዮርክ ታይምስ በርዕሰ አንቀጹ የሙያ ባልደረቦቹን ክፉኛ ወቀሰ። እንግዲህ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ማኅበር «ዋጋ ያለው ማንኛውም ነገር አይወሰድም» የሚል የሥነ ምግባር ደንብ ካወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። እነዚያ ሰዎች ቤት ኪራይ የቸገራቸው አልነበሩም። በነፃ ሲባል ሰው ሰው ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

በእኛ አገር ያለው መልክ ትንሽ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ከአበል ጋር ተጋብቷል። ዓውደ ጥናት ይጠራል፣ በሆቴል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ከሆነማ ደስታው ሌላ ነው። ጋዜጠኛው አበል ይከፈለዋል፤ የሚከፍለው ደግሞ የላከው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የጠራው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ከውሸት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ዜና ክፍል ውስጥ ሦስት ጥሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል እንበል። አንዱ የሆቴል ዓውደ ጥናት ነው፣ አበል አለው። ሁለተኛው የምርት ማስተዋወቂያ ነው፣ ፖስታና ቦርሳ አለው። ሦስተኛው ውሃ ከጠፋባቸው ሳምንታት የሆናቸው እናቶች ደውለው «ኑና እዩልን» ያሉበት ሰፈር ነው። ማን የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ውሃ የጠፋበት ሰፈር ፖስታ የለውም። ቢበዛ ቡና ያፈሉላችኋል፤ እሱንም ውሃ ካለ ነው።

በማግስቱ ዜናውን ስትከፍቱ «ዓውደ ጥናቱ ተካሄደ» የሚል ትሰማላችሁ። የተዋሸ ነገር የለም፤ በእርግጥም ተካሂዷል።

«እሺ፣ ታዲያ በምን ይኑር?»

ይህ ጥያቄ ቁም ነገር አለው፤ በሞራል ስብከት ብቻ የሚዘለልም አይደለም። ዜና ክፍል መኪና ከሌለው፣ መሥሪያ ቤቱ የታክሲ ካልሰጠ፣ ደመወዙ ኪራይ ካልቻለ፣ ሪፖርተሯ በእግሯ ትምጣ? ፖስታዋን የወለዳት ግማሹ የኩባንያዎቹ ብልጠት ነው፤ ግማሹ ግን የአሠሪዎቹ ስስት ነው። አንዳንድ አሠሪ እኮ ፖስታ እንዳለ ስለሚያውቅ ደመወዙን በዚያ አስልቶ ነው የሚቀጥረው! «ውጭ ላይ ታገኛለህ» ይባላል። በሌላ አነጋገር ሠራተኛዬን እናንተ ክፈሉልኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አለቃ ትቶ ልጅቷን ብቻ መውቀስ ግፍ ይመስለኛል።

ጉዞም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድርቅ የመታው ሩቅ ወረዳ ለመድረስ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ወይም አውሮፕላን ብቻ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ካልሄድክ የተራበውን ሰው ማንም አያየውም። በእኔ ግምት እዚህ ላይ ሂድ። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ፣ ለአንባቢ በሚታይ ቦታ፣ «ጉዞው በእገሌ ድርጅት ወጪ ነው» ብለህ ጻፍ። አንዲት መስመር ናት። አንባቢው ራሱ ይመዝን። ሰው የሚያፍርባትን መስመር መጻፍ ካቃተው ግን፣ ያኔ ጉዞው ላይ አንድ የሚሸት ነገር አለ ማለት ነው።

መጽሐፍ ለመገምገም በነፃ የሚላክ ቅጂ፣ ፊልም ለመተቸት የሚሰጥ የመግቢያ ወረቀት በብዙ አገር እንደ ሥራ መሣሪያ ይቆጠራል፤ እኔም አልጣላውም። ይሁንና ከዚህም ራሳቸውን የጠበቁ አሉ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚፈትሸውን ዕቃ እንደማንኛውም ደንበኛ ከሱቅ እየገዛ ነው የሚመረምረው፤ መኪና እንኳ ሳይቀር! የሌላ ኩባንያ ማስታወቂያም አይቀበልም። ሚሽሊን የሚባለው የምግብ ቤቶች መሪ መጽሐፍ ተቆጣጣሪዎች ማንነታቸውን ሳይናገሩ ገብተው፣ በልተው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። አስተናጋጁ ማን እንደበላበት አያውቅም።

በነገራችን ላይ የእኛ ጋዜጣስ የምትሉ ካላችሁ፣ ይህችን ጽሑፍ በራሴ እስክርቢቶ ነው የጻፍኳት፤ ማንም ስም አልተለጠፈባትም።

አሁን ደግሞ እናንተው

ይህንን የምታነቡ ወጣቶች «የጋዜጠኞች ጣጣ ነው» ብላችሁ እንዳትስቁ። ዛሬ ጋዜጠኛ ያልሆነ ማን አለ? ቲክቶክ ላይ ሃምሳ ሺህ ተከታይ ያላት ልጅ የፀጉር ቅባት በነፃ ይላክላታል። ምግብ ቤት ከነጓደኞቿ ትጋበዛለች። ከዚያ ሥጋውን እየጎረሰች ዓይኗን ጨፍና «ኡፍፍ… እዚህ ካልበላችሁ አልበላችሁም!» ትላለች። እናንተም ቅዳሜ ሄዳችሁ ሂሳቡ ሲመጣ ትደነግጣላችሁ። እሷ እኮ ሂሳቡን አላየችውም!

ልጅቷን አልጠላትም። ሥራ ፈጥራለች፣ እሰየው። የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተጋብዤ ነው» ትበል። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በነፃ ዕቃ ተቀብሎ የሚያሞግስ ሰው ይህንኑ እንዲናገር አዟል። በእኛም አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ የሚያዝ ነው። ሕጉ አለ፤ የሚነበበው ሲያጣላ ብቻ ሆነ እንጂ።

የተጋበዘ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ እንዴት ይታወቃል ላላችሁኝ፣ የእኔ ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው ዋጋን ነው። ስለ አንድ ሆቴል አሥር ደቂቃ ተወርቶ የአንድ ሌሊት ዋጋው ካልተነገረ፣ ተናጋሪው አልከፈለም። ቀጥሎ እንከን እፈልጋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ትራሱ የሚጎረብጥ፣ አስተናጋጁ የሚዘገይ፣ ሻወሩ የሚቀዘቅዝ ሆቴል አንድ እንኳ የለም? ሌላው የድርጅቱ ስም ነው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከነሙሉ ማዕረጉ አራት ጊዜ ከተጠራ፣ ስሙን የጻፈው ጋዜጠኛው ሳይሆን ሕዝብ ግንኙነቱ ነው። ጋዜጠኛውማ ቢሰለቸው «ድርጅቱ» ይል ነበር።

ደግሞ አትሸውዱኝ፤ ነፃውን የምትገፋፉት እናንተም ናችሁ። ጋዜጠኛ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ እንቁጣጣሽ ሲመጣ «አጀንዳ አላመጣህም? ካላንደርስ?» ይላል። ጃንጥላውን እናት ትወስዳለች፣ ኮፍያውን ታናሽ ወንድም። ኮንሰርት ሲኖር ስልኩ አያርፍም። ሳያመጣ የቀረ እንደሆነ «ምን ዓይነት ጋዜጠኛ ነህ!» ይባላል። ባለ ፖስታው ቤት ውስጥ ስንት ጓዳ እንዳለ አስቡት።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ።

በመጀመሪያ አለቃሽ ዘንድ ግቢና ደንብ ካለ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ከሌለ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቢ። ብቻሽን «አልቀበልም» ስትዪ ትዕቢት ይመስላል። «የመሥሪያ ቤቴ ደንብ አይፈቅድልኝም፣ አመሰግናለሁ» ስትዪ ግን ሕዝብ ግንኙነቷም አይከፋትም፣ አንቺም ቅድስት አትባዪም። የፊርማ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያልወሰድሽውን እንዳትፈርሚ! ስምሽ ትይዩ የሌላ ሰው እጅ ፈርሞ ገንዘቡ እንዳይወጣም «አልወሰደችም» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ፤ በዚች ከተማ ያልበላ ሰው ከበሉት ጋር አብሮ ሲቆጠር ብዙ ታይቷል።

ስለ ምግቡ፦ ከላይ የሐኪሞቹን ምሳ ነግሬሽ አሁን «ብዪ» ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ሻይና ብስኩት ጠጪ፣ ብዪ፤ እንግዳ ነሽ። ሥራው እስከ ከሰዓት የሚዘልቅ ከሆነ ሁሉም የሚበላውን ምሳም ብዪ፤ ረሃብ ላይ ሆነሽ ጥሩ ዜና አይጻፍም። ዜና የሌለው፣ ውስኪው ብቻ ያለው የማታ ግብዣ ግን ይለፍሽ። ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ቤት የሚሄድ ነገር ሁሉም ይቅር። የማይመለስ ነገር ቢሮሽ ድረስ ከላኩብሽ ለአለቃሽ በዝርዝር አስረክቢ፤ ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ጋዜጦች እንዲህ ዓይነቱን ሰብስበው ለበጎ አድራጎት ይሰጡታል።

ባልደረቦችሽን አትስበኪ፣ ስማቸውንም አታንሺ። ከእነሱ አንዱ የሚያሳድገው ልጅ ይኖረዋል፣ ሌላዋ የታመመች እናት ታስታምም ይሆናል። አንቺ ግን ያን የታክሲ ሂሳብ መሥሪያ ቤትሽ እንዲከፍል በጽሑፍ ጠይቂ፤ ስትጠይቂም ለሁላችሁ ጠይቂ። ያኔ «ቅድስቲቱ» ያሉሽ ሰዎች አብረውሽ ይፈርሙ ይሆናል። ይህን ስል ዋስትና እየሰጠሁሽ አይደለም፤ ባይፈርሙም አይግረምሽ።

የኮንሰርቱን ትኬት ደግሞ አዋጥታችሁ ግዙ። በዚህም ካኮረፈ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ለእሱ መልስ መስጠት የዚህ አምድ የዘወትር ሥራው ነው።